«ሙዚቃው በዛ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? ስለ አድናቂዎች የሳይንስ ልብ ወለድ የድምፅ ድራማ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው የሚወዱትን የውጭ ተከታታይ ዓለም ወስደው በአድናቂዎች ስለሚሠሩ የሳይንስ ልብ ወለድ የድምፅ ድራማዎች ነው። በተለይም አንድ ክፍል ከተለቀቀ በኋላ ከአድማጭ የሚመጣውን አስተያየት ምን እናድርገው በሚለው ላይ ነው። ስለ ቀረጻው፣ ስለ ኤዲቲንጉ፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ፈቃዱም ጠይቁ። «ድራማችንን ሰምተህ ፍረድልን» የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ክፍል ከለቀቅን ወዲህ አርባ ገደማ አስተያየት ደረሰን። ግማሹ «በርቱ» ነው፤ የቀረው እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ፈጠነብኝ» ሲል ሌላው «ተንዛዛ» ይላል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ «በርቱ» ያሏችሁን አመስግናችሁ እለፉ፤ ለኤዲቲንግ የሚሆን ነገር የለበትም። የእኛ ሰው ማስቀየም ስለማይወድ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን...» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእናንተ ሥራ ያለው ከ«ግን» በኋላ ነው።

ሠንጠረዥ አውጡ፤ አራት ዓምድ ይበቃል። ደቂቃው፣ ሰውየው ያለው በራሱ ቃል፣ በምን እንደሰማው (ሄድፎን፣ የስልክ ስፒከር፣ መኪና)፣ እስከ መጨረሻው መስማት አለመስማቱ። ደቂቃ ያልጠቀሰውን መልሳችሁ «ስንተኛው ደቂቃ ላይ?» በሉት። ግጭት የመሰለው አብዛኛው እዚያው ይፈታል፤ «ፈጠነብኝ» ያለው 4ኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ግርግር ነው፣ «ተንዛዛ» ያለው ደግሞ 11ኛው ላይ ያለውን ስብሰባ። ሦስት ሰው ሳይመካከር አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ ቦታው ችግር አለበት ማለት ነው። አድማጭ የሚያመውን ቦታ አይስትም፤ የሚያዝላችሁ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስት ሰዎች «ሙዚቃው ንግግሩን ዋጠው» አሉን። የድምፅ መለኪያው ላይ ስናየው ግን ሙዚቃው ከንግግሩ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ዝቅ ያለ ነው። ከዚህ በላይ ብንቀንሰው የለም ማለት ነው። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ሦስቱ በምን እንደሰሙት ጠይቃቸው፤ የስልክ ስፒከር ወይም ታክሲ ውስጥ እንደሚሉህ እገምታለሁ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣው የሚቀረው መካከለኛው ነው። ተነባቢዎች ተለይተው የሚሰሙት ደግሞ በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ባለው ክልል ነው። ማጀቢያችሁ ሲንተሳይዘር ወይም ማሲንቆ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ማሲንቆ በተለይ ከሰው ድምፅ ጋር ይጋፋል፤ ተናጋሪ ባለበት ቦታ ባይገባ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ሙዚቃውን በሙሉ አትቀንሰው። ኢኩዋላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለውን) ክፈትና 2,000 ኸርዝ አካባቢ ሰፋ አድርገህ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው። ንግግር ሲጀምር ሙዚቃው በራሱ እንዲወርድ ካደረግከው፣ ሲወርድ በ200 ሚሊሰከንድ ይውረድ፤ ሲመለስ ግን ቢያንስ 800 ሚሊሰከንድ ይውሰድ። ቶሎ ከተመለሰ በየቃሉ መሃል ብቅ ጥልቅ እያለ አድማጩን ያታክተዋል። ግጥም ያለው ዘፈን በንግግር ሥር በፍጹም አይግባ፤ ጆሮ ሁለት ንግግር አንድ ላይ አይከተልም።

ከዚያ ስልክህን ግማሽ ድምፅ ላይ አድርግና የተከፈተ ቧንቧ አጠገብ አስቀምጠህ ስማው። እዚያ ካልተሰማ ታክሲ ውስጥም አይሰማም።

ጥያቄ፦ «ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ፍንዳታው ልጅ ቀሰቀሰብኝ» የሚል ወቀሳ ደረሰን። ቁጥር ንገሩን።

መልስ፦ የተለመደው ለስቴሪዮ (ግራና ቀኙ ለየብቻ ለሆነ) -16 ኤልዩኤፍኤስ (የጠቅላላው ድምፅ ጉልህነት መለኪያ)፣ ለሞኖ (ሁለቱም ጆሮ አንድ ድምፅ ለሚሰማበት) -19 ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ። ሁሉም ክፍል አንድ ቁጥር ላይ ይሁን። ፍንዳታ ትልቅ የሚመስለው ግን በጩኸቱ አይደለም። ከሱ በፊት ግማሽ ሰከንድ ሁሉን ነገር ዝም አድርጉት፣ ከኋላው ረጅም ጉርምርምታና የሚረግፍ ብረት ይከተል። ከንግግሩ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ቢበልጥ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ በብዛት የደረሰን ቅሬታ «ማን ማን እንደሆነ አልለይ አለኝ» የሚል ነው። መንኩራኩሯ ላይ ስድስት ሰዎች አሉ፤ አራቱ ወንዶችና በዕድሜ እኩዮች ናቸው። ተዋናይ እንቀይር?

መልስ፦ ተዋናይ ከመቀየራችሁ በፊት ጽሑፉን ክፈቱ። የምታውቁትን የውጭ ተከታታይ ዓለም ወስዳችሁ ስትጽፉ፣ በጭንቅላታችሁ የሚሮጠው ምስል ያለው ትዕይንት ነው። አድማጭ ያ ምስል የለውም። ይህ አይነቱ ነገር በየድራማው አለ፦

«ግፊቱ እየወረደ ነው።»
«ስንት ደረሰ?»
«አርባ።»
«በሩን ዝጋ!»

ማን ነው ለማን የሚናገረው? ማን ነው አደጋ ላይ ያለው? አሁን ደግሞ ይህን እዩት፦

«ካፒቴን፣ ግፊቱ እየወረደ ነው።»
«ስንት ደረሰ፣ ሣራ?»
«አርባ... የወረደው እኮ እርስዎ ያሉበት ክፍል ነው!»
«በሩን ዝጊው!»

የተጨመሩት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ አድማጩ ግን ሁለቱን ለየ፣ ካፒቴኑ ራሱ ላይ በር እያስዘጋ መሆኑንም ሰማ። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው፤ ግሡ ብቻውን ወንድና ሴቱን፣ ማክበርና መቀራረቡን ይናገራል። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ከዚያ የተመለሰ ጽሑፍ ይህን ሁሉ ይጥለዋል። መቅረጽ ከመጀመራችሁ በፊት ማን ማንን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እንደሚል በአንድ ገጽ ጻፉና ለተዋናዮቹ ስጡ። ሁሉም ካፒቴኑን «እርስዎ» ሲሉት ሽማግሌው መካኒክ ብቻ «አንተ» ቢለው፣ ሽማግሌው አፉን በከፈተ ቁጥር ይታወቃል። ካፒቴኑ ተቆጥቶ አንዱን በድንገት «እርስዎ» ቢለው ደግሞ ሙዚቃ ሳያስፈልገው ያስደነግጣል።

የቀረው ሂሳብ ነው። በአንድ ትዕይንት ከሦስት ተናጋሪ አትለፉ፣ ግድ ከሆነ አራት። አዲስ የገባ ሰው ስሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ንግግሮች ውስጥ ይጠራ። ድምፃቸው የሚመሳሰል ሁለት ተዋናዮች ካሏችሁ አንዱን ከማይኩ በ15 ሴንቲሜትር፣ ሌላውን በ40 ቅረጹ። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ክፍሉ ጥግ ያለ ይመስላል። ግራና ቀኝ መበተን ግን አትታመኑበት፤ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ «ንግግሩ ትርጉም ይመስላል» ተብለናል። ከላይ ያሉት ነገር ነው?

መልስ፦ በከፊል። ሌላው ማዕረግ ነው። የመንኩራኩር አዛዥን «ሻምበል» ካላችሁት ጦር ሰፈር ገባችሁ፤ የአውሮፕላን አብራሪን «ካፒቴን» የሚል ጆሮ ስላለን እሱ ያለ ችግር ያልፋል። «ጌታዬ» በየዐረፍተ ነገሩ ከገባ ደግሞ ድሮ የተተረጎመ መጽሐፍ ይሸታል። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ለጎረቤት የማትሉትን ጠፈርተኛውም አይለውም።

ጥያቄ፦ ሮቦታችን አይሰማም ይላሉ። እኛ ጽሑፉን ስለምናውቀው ይሰማናል።

መልስ፦ ችግሩ እሱው ነው፤ ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው ሁሉም ይሰማዋል። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ፈልጉና የሮቦቱን ንግግር እየሰማ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። ከአሥር ቃል ሁለት ከሳተ አርሙ።

ብዙዎች የሚጠቀሙት ሪንግ ሞዱሌተር (ድምፅን አንቀጥቅጦ ብረት ብረት የሚያሰማ ውጤት) ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ የድምፅ ፈጠራ ክፍል፣ ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ፣ በብሪታንያው የቴሌቪዥን ተከታታይ «ዶክተር ሁ» ውስጥ ያሉትን ሮቦት መሰል ዳሌኮች ድምፅ የሠራበት ዘዴ ነው፣ 30 ኸርዝ አካባቢ። ለእንግሊዝኛ ይሠራል። አማርኛ ላይ ግን ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚለዩት በአጭር ፍንጥቅታ ነው፤ ሪንግ ሞዱሌተሩ ያንን ፍንጥቅታ ይደፈጥጠዋል። «ጠላት መጣ» ያለው ሮቦት «ጠላት መታ» ብሎ ይሰማል፣ ታሪኩ ሌላ ሆነ።

መፍትሔው ድምፁን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። የሮቦቱን ድምፅ ሁለት ቅጂ አድርጉት። በአንዱ ከ2,500 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡና ሪንግ ሞዱሌተሩን እሱ ላይ አድርጉ። ሌላውን ከ2,500 በላይ ያለውን ብቻ አስቀርታችሁ ንጹሕ ተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ አጫውቱ፤ ተነባቢው ይመለሳል። ሮቦቱ ከስምንት ቃል በላይ በአንድ ትንፋሽ አይናገር። ወሳኝ ነገር ከተናገረ ደግሞ ሰው ይድገመው፦ «መጣ? ከየት መጣ?»

ጥያቄ፦ ተዋናዮቻችን አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ናቸው። «አንዱ ሽንት ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል» ተባልን።

መልስ፦ የክፍል ማስተጋባትን ከተቀረጸ በኋላ በደንብ ማውጣት ከባድ ነው፤ ድጋሚ ይቅረጽ። ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ከፍቶ ፊቱን ወደ ልብሱ አዙሮ፣ ከኋላው ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎ። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሳይመጣ። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» ይፈነዳሉ። የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይድረስ። መጀመሪያ ላይ አሥር ሰከንድ ዝምታ ይቅረጽ፣ ለኤዲተሩ መጠገኛ ይሆነዋል። እያንዳንዱን ንግግር ሦስት ጊዜ።

በቴሌግራም ቮይስ ሜሴጅ ግን አይላክ፤ ድምፁን ይጨምቀዋል። ዌቭ (ያልተጨመቀ) ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ «እንደ ፋይል» ተብሎ ይላክ። ሁሉም ደረቅ (ማስተጋባት የሌለው) ሆኖ ሲመጣ አንድ አይነት ትንሽ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት)፣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ፣ ለሁሉም ስጡ። ሦስት አገር ያሉት አንድ መንኩራኩር ውስጥ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አድማጭ «ጠፈር ላይ ድምፅ የለም» ብሎ ረጅም ደብዳቤ ጻፈልን። ሌላዋ «የሞተሩ ድምፅ ራሴን አመመኝ» አለች።

መልስ፦ ሰውየው ትክክል ነው፤ ባዶ ቦታ ድምፅ አያስተላልፍም። ለድምፅ ድራማ ደግሞ ስጦታ ነው። አድማጩን የራስ ቁሩ ውስጥ አስገቡት፦ ትንፋሽ፣ ሬዲዮ፣ በእጅና በብረት በኩል የሚመጣ የታፈነ ኳኳታ። የመልእክት መዘግየትም ይታረም። ጨረቃ ጋ መልእክት ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ማርስ ጋ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ። ከማርስ ጋር ፊት ለፊት እንደመጨዋወት ያለ ንግግር ካላችሁ ይህን አይነት አድማጭ ታጣላችሁ።

የእህታችንን ራስ ያሳመመው ደግሞ ሳይቋረጥ 20 ደቂቃ የሚሄደው ጉምጉምታ ነው። ትዕይንቱ ሲጀምር ይሰማ፣ 20 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ይውረድ፤ አድማጩ እንደወረደ አያስተውልም። ሞተሩ 55 ኸርዝ ላይ ብቻ ከሆነ በስልክ ጭራሽ ስለማይሰማ ከ220 እስከ 440 ያለ ቀጭን ድምፅ ደርቡበት።

ጥያቄ፦ «ይከሷችኋል» የሚል አስተያየት አስፈራን።

መልስ፦ ፈቃድ ሳትይዙ የሌላ ሰው ዓለም ውስጥ እየሠራችሁ ነው፤ ባለመብቱ «አውርዱ» ካለ ታወርዳላችሁ። የአሜሪካው የጠፈር ተከታታይ የስታር ትሬክ ባለመብቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ የተጻፈው ለአድናቂ ፊልም ቢሆንም የሚያስከፋቸውን ያሳያል፦ መሸጥ፣ ኦፊሴላዊ መምሰል፣ ከዋናው ሥራ ቆርጦ ማስገባት። ርዝመቱንም በ15 ደቂቃ፣ ሁለት ክፍል ከሆነ በድምሩ በ30 ገድበውታል፤ መዋጮውንም በ50,000 ዶላር። ሁሉም ባለመብት ግን አንድ አይደለም። በብሪታንያ ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በካሴት የዶክተር ሁ ድራማ ይሠሩ ከነበሩ አድናቂዎች አንዳንዶቹ፣ በኋላ ቢግ ፊኒሽ የተባለው የድምፅ ድራማ ድርጅት ከ1999 ጀምሮ በፈቃድ ባወጣቸው ድራማዎች ላይ ሠርተዋል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሙዚቃው ነው፤ የታወቀ ዘፈን አስገብቶ «ማስተዋወቅ ነው» ማለት አያዋጣም። ከኢንተርኔት የወረደ የድምፅ ግብአትም እያንዳንዱ ፈቃዱ ይታይ። «ለንግድ አይውልም» የሚል ከሆነ፣ ከአድማጭ ወርኃዊ ክፍያ መቀበል በጀመራችሁ ቀን ማውጣት አለባችሁ።

ጥያቄ፦ የታረመውን ክፍል እንደገና እንልቀቀው?

መልስ፦ የድምፅ ጉድለት ከሆነ አዎ፣ ታሪኩን ግን አትንኩ፤ ክፍል አንድን የሰማው ሰው ክፍል ሦስት ላይ ይደናገራል። ፖድካስት ላይ አዲስ ክፍል አትፍጠሩ፣ ነባሩ ላይ ፋይሉን ብቻ ተኩ፤ አለዚያ ለሁሉም ሁለቴ ይደርሳል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ፖስቱን ኤዲት አድርጎ ፋይሉን መተካት ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ አይቻልም።

ጥያቄ፦ «ዳታዬን በላ» ላለውስ?

መልስ፦ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከስቴሪዮው ጎን 64 ኪሎቢት ሞኖ ልቀቁለት፣ ግማሹ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ አድማጭ ብቻ ነኝ። ምን ብዬ ብጽፍ ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ይህችን የመሰለ መልእክት ብትልክ ኤዲተሩ ወዲያው ፋይሉን ይከፍታል፦ «በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰማሁት። 7 ደቂቃ ከ40 ላይ በሩ ሲዘጋ ማን ውጭ እንደቀረ አላወቅኩም፣ ሁለቴ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁ። 13ኛው ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ አቆምኩት፣ ማታ ቀጠልኩ። መካኒኩ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።»