መጀመሪያ እጁን እዩት

ልጆች፣ ስዕል ሳስተምር ነው ያረጀሁት፣ እና አንድ ነገር ብቻ ምከረን ብትሉኝ ስዕል ፊት ስትቆሙ ትርጉም ለመስጠት አትቸኩሉ ነው የምላችሁ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ናሽናል ጋለሪ ግቡ፣ መግቢያው በነፃ ነው፣ እዛ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ኤድዋርድ ማኔ በፈረንጆቹ 1862 የሳለው ሽማግሌው ሙዚቀኛ የሚባል ስዕል አለ። ትልቅ ነው፣ ቁመቱ 187 ስፋቱ 248 ሳንቲሜትር ገደማ። መሀል ላይ ፂማሙ ሽማግሌ ቫዮሊን ይዞ ተቀምጧል፣ በግራ ህፃን ያቀፈች ባዶ እግሯን የሆነች ልጅና ሁለት ወንድ ልጆች፣ በቀኝ ደግሞ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ።

መጀመሪያ ተማሪዎች ይዤ የሄድኩ ጊዜ "አያችሁ፣ ሙዚቃው ችግራቸውን እያስረሳቸው ነው" ብዬ አስረዳሁ፣ አዝማሪ ማሲንቆ ሲመታ ሰው እንደሚከበው አድርጌ ነዋ ያየሁት። አንዷ ልጅ ፈራ ተባ እያለች "ጋሼ፣ እየተጫወተ ነው እንዴ? ቫዮሊኑ እኮ ጭኑ ላይ ነው" አለችኝ። ዞሬ ሳየው እውነቷን ነው። ሽማግሌው የሚያየው ወደኛ ነው፣ የከበቡትም አይን ለአይን አይተያዩም። ስንት አመት የማውቀውን ስዕል እጁን እንኳ በቅጡ አላየሁትም ነበር፣ በጣም አዘንኩ።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ለሽማግሌው ሞዴል የሆነው ሰውዬ ዣን ላግሬን ይባላል፣ ድሮ ጂፕሲ ከሚሏቸው ከሮማኒዎቹ ነው፣ ማኔ ስቱዲዮ አካባቢ የሚኖር፣ እንጀራውም እጀታ እያዞሩ የሚያጫውቱት የመንገድ ኦርጋንና ለሰዓሊዎች ሞዴል መሆን ነበር፣ ስለዚ ቫዮሊኑ የሰዓሊው ምርጫ ይመስለኛል። አቀማመጡ ደግሞ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ካለ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ሀውልት የተወሰደ ነው! የመንገድ ሙዚቀኛን ፈላስፋ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለኔ ትልቅ ክብር ነው። ባርኔጣ ያደረገው፣ በፈረንጆቹ 1859 ሳሎን የሚባለው የፓሪሱ ትልቅ የስዕል ኤግዚቢሽን አልቀበልም ካለው ከራሱ ከማኔ ስዕል የመጣ፣ አብሳንት የሚባለውን ኃይለኛ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ነው። ያኔ ፓሪስ በአዳዲስ ጎዳናዎች እየተሰነጠቀች፣ ስቱዲዮው አጠገብ የነበረው የድሆች ሰፈር እየፈረሰ ነበር፣ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ከጀርባቸው ቤት ሳይሆን ባዶ ሜዳ መኖሩ ሌላ ነገር ይነግረኛል።

ግን ይሄ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የተለጠፈውን ፅሁፍ ሳታነቡ አስር ደቂቃ ቁሙ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ ፍሬሙ ግማሹን የቆረጠውን ሽማግሌም እንዳታልፉት።