ጥንቸል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ትሣላለች ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ደሴ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። የመማሪያ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ጥንቸል ልሥል ስል አንድ አባት «ርኩስ እንስሳ በቤተ ክርስቲያን ግቢ?» ብለው ከለከሉኝ። ስልክ ላይ ደግሞ ሦስት ጥንቸሎች ክብ ሠርተው ሲሮጡ አየሁ፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላል። ልሣለው?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። አባትየው ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸልን ርኩስ ይላታል፤ እኛም አንበላትም። ግን ክልከላው ስለ መብል ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ንስርም፣ በመዳፉ የሚሄድ አውሬም ተከልክሏል። አንበሳ በምኑ ነው የሚሄደው? እስቲ ሥዕለ ሥላሴን ልብ ብለሽ እዪ። በአራቱ ማዕዘን ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም፣ ገጸ ንስር አሉ፤ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላም፣ የንስር ፊት ማለት ነው። አንበሳውንና ንስሩን አጥፉልን ያለ የለም። ላሊበላ ቤተ ማርያም ከገባሽም ቀና በዪ፤ እንስሳትና አእዋፍ ተሥለዋል።

የሦስቱ ጥንቸሎች ነገር ይለያል። ሥዕሉ ያምራል፣ አልክድም። እያንዳንዷ ሁለት ጆሮ አላት፤ ስትቆጥሪ ግን በጠቅላላው ሦስት ብቻ ነው። ጆሮዎቹ መሀል ላይ ገጥመው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። እንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ጣራ እንጨት ላይ ተቀርጾ፣ ጀርመንም ፓደርቦርን ካቴድራል መስኮት ላይ ይገኛል። ከእነሱ ብዙ ቀድሞ ግን፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ7ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ቻይና ዱንኋንግ በቡድሂስቶች ዋሻ ጣራ ላይ ተሥሏል። ስለዚህ ለሥላሴ ተብሎ የተጀመረ አይደለም።

ምሥጢሩንም አይሸከምም። አንዷን ጥንቸል ብታጠፊ የቀሩት ጆሮ ይጎድላቸዋል፤ የተዋሱት ነውና። እኛ ግን ለአብም ለወልድም ለመንፈስ ቅዱስም ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ፣ ፍጹም አካል አላቸው ብለን ነው የምናስተምረው። አባቶቻችን ሦስቱን በአንድ መልክ፣ በአንድ ዕድሜ የሣሉት ለዚህ ነው። እሱን ሣይላቸው።

ለልጆቹ ጥንቸል ካማረሽ አንበሳውን ያታለለችውን የተረቷን ጥንቸል ሣይ። ተረት ነው ብለሽ ንገሪያቸው እንጂ ነውር የለውም፤ ኢዮአታምም በመሳፍንት 9 በተናገረው ምሳሌ ዛፎችን እንደ ሰው አናግሯል። መማሪያ ክፍሉ ላይ ይሁን፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ማኅሌት የሚቆምበት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል፣ የቅዱሳት ሥዕላት ቦታ ነው። ደግሞ ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ንድፉን ለደብሩ አስተዳዳሪ አሳዪ፤ የከለከሉሽም አባት አብረው ቢያዩት ጥሩ ነው።