በድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ፦ ከአንድ ስላይደር ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለተማሪዎችሽ የሒሳብ ማስታወሻ የምታወጪበት ተራ ድረ ገጽ አለሽ። ቀመሩን እስካሁን በፎቶ ነው የምትለጥፊው። አሁን ግን ተማሪው ራሱ ቁጥር እየቀየረ ግራፉ ሲንቀሳቀስ እንዲያይ ትፈልጊያለሽ። «በየትኛው መሣሪያ ልጀምር? ኮድ መማር ግድ ነው ወይ?» ብለሻል። ይህን ሥራ ለዓመታት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከመሣሪያው በፊት አንድ ነገር ወስኚ። ተማሪው በጣቱ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ሲያንቀሳቅሰውስ ምን እንዲገርመው ነው የምትፈልጊው? እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። ለኔ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚህ ነው።

ዋይ = ኤ·ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + ሲ የሚለውን ፓራቦላ ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያው ገጼ ላይ ለኤ፣ ለቢና ለሲ ሦስት ስላይደር (ሲጎትቱት ቁጥሩን የሚቀይር መንሸራተቻ) ደረደርኩ። ተማሪዎቹ ሦስቱንም ወዲያ ወዲህ አሉት። «ደስ ይላል» አሉና አለፉ። ምን አያችሁ ብዬ ስጠይቅ ግን የረባ መልስ አላገኘሁም።

በኋላ ኤን 1 ላይ፣ ሲን 0 ላይ ቆለፍኩና ቢን ብቻ ተውኩላቸው። ከስላይደሩ በላይ «ቢ ከ0 ወደ 4 ሲሄድ ግራፉ ወዴት ይሄዳል? ሳትነኩ ገምቱ» ብዬ ጻፍኩ። አብዛኞቹ «ወደ ጎን ነዋ!» አሉ። ሲነኩት ግን ፓራቦላው ወደ ግራ እየሄደ ቁልቁል ይወርዳል። ቢ 2 ሲሆን መታጠፊያ ነጥቡ (-1፣ -1) ላይ ያርፋል። ቢ 4 ሲሆን (-2፣ -4) ላይ ነው። ቢን ከዜሮ በታች ሲወስዱትም ይወርዳል፣ በዚያን ጊዜ ግን በቀኝ በኩል። ነጥቡ የሄደበትን ዱካ እየተወ እንዲሄድ ሳደርገው ደግሞ ዱካው ራሱ የተገለበጠ ፓራቦላ ሆነ፦ ዋይ = -ኤክስ²። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ያኔ እነሱ ራሳቸው አነሱት። ማረጋገጫውን በወረቀት አብረን ሠራነው። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አንቺም ሞክሪው።

ይህን በፎቶ ማሳየት አይቻልም። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው። ለሌላው ጥሩ ጽሑፍና ጥሩ ሥዕል ይበቃል።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ቀመሩን በፎቶ መለጠፍ ተዪ። ፎቶ በስልክ ላይ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ዓይነ ስውር ተማሪ ካለሽ ደግሞ ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራም ፎቶ ውስጥ ያለውን ቀመር ሊያነብለት አይችልም። ማትጃክስ ወይም ካቴክ የሚባሉትን፣ ገጽ ላይ ቀመር የሚያሳዩ ስክሪፕቶች (ገጹ ውስጥ የሚሠሩ ኮዶች) ተጠቀሚ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም በላቴክ አጻጻፍ (ቀመርን በኪቦርድ ፊደልና ምልክት መጻፊያ ዘዴ) የተጻፈን ቀመር አሳምረው ያወጡታል። ካቴክ ፈጣን ነው። ማትጃክስ ብዙ ትእዛዝ ያውቃል፣ ለማየት ለሚቸገሩ አንባቢዎች ያለው ድጋፍም ጠንካራ ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። አንድ ወጥመድ አለው። ላቴክ የለመደ ሰው ቀመሩን በአንድ የዶላር ምልክት ከግራና ከቀኝ ያጥረዋል። ማትጃክስ ግን ካልነገርሽው በቀር በአረፍተ ነገር መካከል ያለውን ነጠላ የዶላር ምልክት እንደ ቀመር አይቆጥረውም፤ ምክንያቱም ስለ ገንዘብ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ይደበላለቃል። ቀመርሽ እንዳለ ተጽፎ ከቀረ መጀመሪያ ይህን ፈትሺ። ማትኤምኤል የሚባል፣ ቀመርን ለብራውዘር መጻፊያ ቋንቋም አለ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድር ደረጃ ነው። ክሮም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ስለተቀበለው ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ያለምንም ተጨማሪ ስክሪፕት ያሳዩታል። በእጅ መጻፉ ግን አድካሚ ነው።

ለሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ኮድ ሳትማሪ መጀመር ትችያለሽ። ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆሄንዋርተር በ2001 እ.ኤ.አ. በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ሥራው ነው የጀመረው። ዛሬ ብዙ የሒሳብ መምህር የሚያውቀው መሣሪያ ሆኗል። ሥዕሉን እዚያው ትሠሪያለሽ፣ የሚሰጥሽን የማስገቢያ ኮድ ቀድተሽ ገጽሽ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ አለቀ። ጂኦሜትሪ ከሆነ፣ ማለትም ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ የሚጎተት ነጥብ፣ ወደ ጂኦጀብራ ሂጂ። የፈንክሽን ግራፍ ብቻ ከሆነ ዴስሞስ የሚባለው የግራፍ መሳያ ይቀላል፤ ቀመሩን ስትጽፊ ስላይደሩን ራሱ ያቀርብልሻል።

ክብደታቸውን ግን አትርሺ። እኔ አንድ ገጽ ላይ ስድስት የጂኦጀብራ ሥዕል ከትቼ ነበር። ደካማ ስልክ የያዘ ተማሪ ገጹ እስኪከፈት ጠብቆ ጠብቆ ተወው። አሁን በአንድ ገጽ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የማስገባው። እሱንም አንባቢው ወደታች ወርዶ እስኪደርስበት ድረስ እንዳይጫን አድርጌ።

ሌላም ነገር፦ ብዙ ከመሥራትሽ በፊት ድረ ገጽሽ ስክሪፕት መቀበሉን አረጋግጪ። አንዳንድ የብሎግ አገልግሎቶች «አስቀምጥ» ስትዪ ስክሪፕቱን ዝም ብለው ይቆርጡታል። የአንድ ሌሊት ሥራዬ እንዲህ ሆኖ ቀርቶብኛል። አንድ ትንሽ ስላይደር ለጥፈሽ ሞክሪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

ኮድ መማር ግድ አይደለም። ግን ጃቫስክሪፕት ከሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ብትማሪ እጅሽ ይፈታል። በባይሮይት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄኤስኤክስግራፍ የሚባል የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በጥቂት መስመር ግራፍና ስላይደር ታወጪበታለሽ። ወደዚህ ከገባሽ የሚገጥሙሽን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ዜሮ። የኤ ስላይደር ከ-3 እስከ 3 ከሆነ መንገዱ ላይ 0 አለ። እዚያ ላይ ፓራቦላው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። መታጠፊያ ነጥቡን የምታሰላው ኮድ ደግሞ በዜሮ ታካፍላለች፣ ነጥቡም ድንገት ይጠፋል። ይህን አትደብቂው። «አሁን ፓራቦላ አይደለም፤ ለምን ይመስላችኋል?» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አድርጊ። ጥሩ ትምህርት ነው።

1/ኤክስን ስትስዪ ደግሞ ኮዱ ነጥቦችን ተራ በተራ ስለሚያገናኝ ከዜሮ ግራና ቀኝ ያሉትን በአንድ ቁም መስመር ሊያያይዛቸው ይችላል። ተማሪው ያ መስመር የግራፉ አካል ይመስለዋል። በሁለት ቁራጭ ሳዪው። ውሸት የሚያሳይ ግራፍ ጭራሽ ግራፍ ካለመኖር ይብሳል።

ቁጥሮችንም ሳታጠጋጊ አታሳዪ። በጃቫስክሪፕት 0.1 ሲደመር 0.2 የሚሰጥሽ 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በሁለትዮሽ ስለሚይዘው ነው እንጂ አልተሳሳትሽም። ለተማሪው ግን አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይበቃዋል።

በስልክ ላይ ሲሆን ግራፉ የስክሪኑን ስፋት ሙሉ እንዳይዘው። ተማሪው ገጹን ወደታች ሊያወርድ ጣቱን ሲያሳርፍ ግራፉን ይጎትተዋል፣ ከዚያ መውጫ ያጣል። ከጎን ባዶ ቦታ ተዪለት። ስላይደሩን ከግራፉ ውጭ፣ ከሥሩ አድርጊው። ብራውዘሩ ራሱ የሚሰጠውን ተራ ስላይደር ከተጠቀምሽ በኪቦርድ ቀስትም ይሠራል፣ አይጥ መያዝ የሚያቅተው ተማሪም ይጠቀምበታል።

የመጨረሻው፣ እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ነው። ድሮ ትምህርቶቼን በጃቫ አፕሌት (ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ነበር የሠራኋቸው። ጊዜው ሲደርስ ብራውዘሮች አፕሌት መቀበል አቆሙ። ገጾቼ ላይ ግራጫ ሣጥን ብቻ ቀረ። ማብራሪያውን ሁሉ አፕሌቱ ውስጥ ስለጻፍኩት አብሮት ጠፋ። አሁን ከእያንዳንዱ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሥር ተራ ፎቶና ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ፦ ምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚታይ። ዋናውን ፋይልም ኮምፒውተሬ ላይ አቆያለሁ። አንቺም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጊ።

ለዚህ ሳምንት የቢን ስላይደር ብቻ በዴስሞስ ሥሪና ለጥፊው። ሊንኩን እዚህ ላኪልኝ፣ በስልኬም በኮምፒውተሬም ከፍቼ የታየኝን እነግርሻለሁ።