የጎረቤቴ ሳህን እኔ ጋ ቀርቷል

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች ነን፤ ቧንቧችንም ማድቤታችንም አንድ ነው። ከጎኔ ያለችው ሙስሊም ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። አራስ ሳለሁ ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት።

በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ገቡ። እትዬ ማታ ማታ ለአፍጥር የሠራችውን የምስር ሳምቡሳ ትልክልን ነበር። የኢድ ቀን ግን የአምስት ዓመት ልጄ እነሱ ቤት ሥጋ በልቶ መጣ። አፉ ቅባት በቅባት ሆኖ ሳየው ደሜ ፈላ። በረንዳ ላይ «የእስላም ሥጋ ማን ብላ አለህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ መታሁትም። ቀና ስል እትዬ በሯ ላይ ቆማለች። ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው፤ ቡናም አንጠራራም። ሳህኗ እንኳ እኔ ጋ ቀርቷል። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ልጅሽ ሥጋውን እንዲበላ አለመፈለግሽ እትዬን አላስቀየማትም። እሷም ያንቺን አትበላም። በይፋት ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ለብቻ ነው። እናቴ የአንኮበር ሰው ናት። ከአልዩ አምባ ገበያ ለሚመጡ ሙስሊም ደንበኞቿ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አንድ የሸክላ ድስት ነበራት። ሽሯቸውን በሱ ትሠራለች፤ እኛ አንነካውም። ለብቻ ተሠራልን ብሎ የተከፋ አላየሁም። እትዬን የጎዳት ጩኸትሽ ነው። በዚያ ድምፅ ሲባል የረከሰው ቤቷ ነው የሚመስለው።

ያ ሳምቡሳ ደግሞ ከልቤ አልወጣም። በሥጋ መሥራት ትችል ነበር። ጾምሽን አስባ ምስር አደረገችው። እንዲህ ያለች ሴት ሆን ብላ ልጅሽን ሥጋ ታጎርሳለች ብዬ አላምንም። ኢድ ነው፣ ቤቱ በልጅ ተሞልቷል፣ ማዕድ ቀርቧል። ማን እጁን አስገባ ብሎ የሚቆጥር አለ?

ሽማግሌ አትላኪ፤ ነገሩ ክስ ይመስላል። ልጅሽን ይዘሽ ራስሽ ሂጂ። ስለ ሃይማኖት ማብራሪያ አያስፈልግም። «እትዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» በያት። ቀጥለሽ ሳትሸፋፍኚ «ከሥጋ በቀር ቤትሽ ያገኘውን ይብላ» በያት። ልጁንም ሥጋ ሲቀርብለት «እናቴ አትብላ ብላኛለች» እንዲል አስተምሪው። ዱላውን ግን ተዪው፤ የእሷን ደጃፍ እንዲፈራ ነው የሚያደርገው።

ሳህኗን ደግሞ ባዶውን አትመልሺ። ዳቦ ድፊና ሳይቀዘቅዝ አድርሺላት።