ከተርሚናል ፎቶና ቪዲዮ መለጠፍ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ቱት ጠይቁኝ። ከተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት የኮምፒውተር መስኮት፣ ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ መረብ ላይ የሚለጥፈው ፕሮግራም ማለቴ ነው። አካውንታችሁን አስገብታችሁ ጽሑፍ መላክ እንደምትችሉ እቆጥራለሁ። አደራ፣ ያለ መግለጫ፣ ማለትም ምስሉ ላይ ያለውን በቃል የሚናገር ጽሑፍ ሳይኖረው፣ ፎቶ አትለጥፉ።

ጥያቄ፦ ፎቶ እንዴት ይያያዛል?

መልስ፦ ቱት ፖስት (toot post) ብለህ ጽሑፍህን በጥቅስ ውስጥ ታስገባለህ። ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና ሚዲያ የሚለው ቃል (--media)፣ ከዚያ ፋይሉ ያለበት ቦታ። ለሁለተኛው ፎቶ ሚዲያን ትደግማለህ። በተለመደው ሰርቨር፣ ማለትም አካውንትህ ባለበት የማስቶዶን ኮምፒውተር፣ እስከ 4 ፎቶ ይሄዳል። ቪዲዮ ከሆነ 1 ብቻ፤ ከፎቶ ጋር አይቀላቀልም።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ እምቢ አለ።

መልስ፦ ምን ብሎ? ተርሚናሉ የጻፈውን ሳትነግረኝ ምን ልልህ እችላለሁ?

ያው ጠያቂ፦ ፋይሉ የለም ይላል። ስሙ «የፋሲካ ፎቶ» ነው።

መልስ፦ በመሃሉ ክፍተት አለ። እንደ ሁለት ፋይል እያየው ነው። ስሙን በጥቅስ ውስጥ አድርገው። መግለጫውንም ጻፍ።

ጥያቄ፦ መግለጫ ግዴታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ሰርቨሩ አያስገድድሽም፤ እኔ ግን እለምንሻለሁ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ልጥፍሽን የሚሰሙት በስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። እኛ ደግሞ የስብሰባ ጥሪውን፣ የለቅሶ መርዶውን፣ የበዓል ፕሮግራሙን ሁሉ ፎቶ አድርገን እንለጥፋለን። ሰዓቱና ቦታው ምስሉ ውስጥ ብቻ ከቀረ ለእነሱ ምንም አልተነገራቸውም። ፖስተር ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጪው። ማስቶዶን እስከ 1,500 ፊደል ይቀበላል። ለተራ ፎቶም «ቡና» ብለሽ አትለፊ። «ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎች፣ ከጎን ጀበና፣ መሬቱ ላይ ቄጤማ» በይ። ትእዛዙ ሁለት ሰረዝና ዲስክሪፕሽን (--description) ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ፣ በፎቶዎቹ ቅደም ተከተል። ቋንቋውንም አማርኛ ብለሽ ምረጪ። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ አንባቢ ድምፅ አማርኛ ያነባል።

ሌላ አባል፦ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?

ሦስተኛ አባል፦ እኔ በየጠዋቱ ግራፍ የሚለጥፍ ስክሪፕት፣ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ አለኝ። በስልክ ተነስቼ ልለጥፍ?

ሌላ አባል፦ ፎቶ ሲሆን ግን የተነሳበትን ቦታ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ አባል፦ ማስቶዶን ያንን ይሰርዘዋል።

መልስ፦ ይሰርዛል፤ ግን ፋይሉ መጀመሪያ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ነው። የቤትህን ቦታ ማንም እንዳያይ ከፈለግህ ከመላክህ በፊት ኤግዚፍቱል በተባለው ፕሮግራም ከፋይሉ ላይ አጥፋው። የስልኩን ክርክር ሌላ ጊዜ አድርጉት። ግራፉስ መግለጫ አለው?

ጥያቄ፦ በራሴ ስክሪፕት ቪዲዮ ለመለጠፍ ስሞክር ሰርቨሩ 422 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልስልኛል።

መልስ፦ ቸኩለሃል። ሰርቨሩ ቪዲዮውን ሲቀበል 202 ይላል፤ ደርሶኛል፣ ገና እያዘጋጀሁት ነው ማለቱ ነው። በተሰጠህ መለያ ቁጥር እየደጋገምክ ጠይቀው። 206 ካለህ ጠብቅ። 200 ሲልህ ለጥፍ።

ጥያቄ፦ ስንት ፎቶ ይቻላል?

መልስ፦ 4። ከላይ ብያለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይስ?

መልስ፦ ቱት ቴሌግራምን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ያለ መግለጫ ለጥፌ ነበር። ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፊው። ድረ ገጹ ላይ ልጥፉን ለማረም ክፈቺ፣ ፎቶውን ነክተሽ መግለጫውን ጨምሪ። አሁኑኑ አድርጊው።