ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ደመና ላይ የተንሳፈፈ የፋሲል ግንብ በዘይት ቀለም ሥያለሁ። አቧራ ፈርቼ ጨለማ ክፍል ውስጥ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሥዕሉ ግን አልደረቀም፤ ቫርኒሽ (ሥዕልን የሚጠብቅ ግልጽ ሽፋን) ልቀባው?

መልስ፦ አትቀባ። ላዩ ገና እየተጣበቀ ያለ የዘይት ቀለም ላይ ቫርኒሽ ከደረብክ በኋላ ይሰነጣጠቃል። ያለ ቫርኒሽ ስቀለው፤ ምንም ነውር የለውም። ቫርኒሹ ከስድስት ወር በኋላም ይደርሳል።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። በቀለሙ ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት ኦክስጅን ከአየር እየሳበ ነው የሚጠነክረው። አንተ ደግሞ አቧራ ፈርተህ ጨለማ ክፍል ውስጥ በጨርቅ ሸፍነኸዋል። ዛሬውኑ አውጣው። ሞቅ ያለ፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍል ውስጥ አቁመው። የጎንደር ክረምት እርጥብ ስለሆነ ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን ክፈት፣ ዝናብ ሲመጣ ዝጋ።

ለቀጣዩ ሥዕል፦ ከታች ያለው ንብርብር ዘይቱ ይነስ፣ ወደ ላይ ስትወጣ ይጨምር። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች አካሄድ ይኸው ነው። ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊም የቀለጡትን ሰዓቶች በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሥል ሸራው 24 በ33 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ሕልሙን እውነት ያስመሰለው በዚያች ትንሽ ሸራ ላይ በጥንቃቄ መሣሉ ነው። ደመና ላይ የተንሳፈፈው የፋሲል ግንብህም ጥላው እንዲታመን በስሱ፣ ደጋግመህ ቀባው። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል፣ አታጣድፈው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ወደ አዳራሹ ስትወስደው በላስቲክ አትጠቅልለው። ተጠቅልሎ በባጃጅ የሄደ ሥዕል አይቻለሁ፤ ላስቲኩ ሲነሳ ሽብሽቡ ሰማያዊው ቀለም ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ቀረ። አራቱ ማዕዘን ላይ ወፍራም ካርቶን አስርና ፊቱን ምንም ሳይነካው ውሰደው።