ደህናው ሰውስ ስንቱ ፖዘቲቭ ይሆናል?

ይድረስ ለጤና ተማሪዎች፤

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስገባ ጡረታ የሚሉትን ነገር ልሞክር ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ተማሪዎች ይዤ እዚሁ አቅራቢያችን ያለ ጤና ጣቢያ እገባለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ትኩሳትና ራስ ምታት ብላ መጣች። ከሌላ ቦታ የተሠራላትን ወረቀት ይዛለች፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፣ ውጤቱ 1፡160፣ ፖዘቲቭ። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ ተብያለሁ» አለች። ይህን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከተማሪዎቹ አንዱ በክፍል ፈተና ከሁሉም የበለጠ ነው። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የሚባለውን አምስት ደረጃ አንበልብሎ ይወጣዋል፦ ጠይቅ፣ ፈልግ፣ መዝን፣ ተግብር፣ ራስህን ገምግም። ወረቀቱን አየና ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ሊጽፍ እስክሪብቶ አወጣ። ከኋላው የቆመችው ልጅ በዚያው ፈተና ያመጣችው መካከለኛ ነው። እሷ ግን «ዶክተር፣ እዚህ ሰፈር ደህናውን ሰው ብንመረምርስ ስንቱ ፖዘቲቭ ይሆናል?» አለችኝ።

እኔ ስፈልግ የኖርኩት ይህችን ጥያቄ ነው።

ካርቶን ቀድጄ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ትኩሳት ካለባቸው 100 ሰዎች 5ቱ ታይፎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 80 በመቶውን ይያዝ፤ ካልታመሙትም 80 በመቶውን ነፃ ይበል። ከ5ቱ 4ቱን ያገኛል። ከ95ቱ ደግሞ 19ኙን ያለ በሽታቸው አለባችሁ ይላል። 23 ሰው ፖዘቲቭ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ በሽተኞቹ 4 ናቸው። ቁጥሩ ለሒሳቡ ያህል ነው። ዊዳል ግን እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው፤ የቆየ ኢንፌክሽንም ክትባትም ከፍ ያደርገዋል። ሁነኛው ምርመራ የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ጀርሙን ከደም አሳድጎ ማየት፤ እሱ ደግሞ ጤና ጣቢያ የለም።

እንዲህ የመጠየቅንና ማስረጃ የመመዘንን ችሎታ መፈተን አስተማሪዎችን ሲያስቸግር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 የበርሊን መጠይቅ ወጣ፤ 15 የምርጫ ጥያቄ ነው። በዓመቱ የፍሬስኖ ፈተና ተከተለ። እሱ የሕመምተኛ ታሪክ ይሰጥሃል፤ ጥያቄውን ራስህ ታወጣለህ፣ የት እንደምትፈልግና ለምን እንደሆነ ትጽፋለህ። የሚታረመው ከ212 ነው። እኔ ፍሬስኖን እመርጣለሁ፣ ማረሙ አበሳ ቢሆንም። ሁለቱም ግን የሚያሳዩኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስበውን ተማሪ ነው። ኮሪደሩ ሞልቶ፣ ሲስተር «ቶሎ በሉ» እያለች፣ የሚያደርገውን አያሳዩኝም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ትንሽ ደብተር አስይዛለሁ። በቀን አንድ ጥያቄ ከአንድ ሕመምተኛ። በማግስቱ ሦስት መስመር፦ የት ፈለግህ፣ ምን አገኘህ፣ ለሕመምተኛው ምን ተለወጠ። መፈለጊያ የለም አትበሉኝ። ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እንደኛ ላሉ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን ከፍቷል። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ኖት ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ አይታወቅም። (ኔትወርክ ሲጠፋ እኔም አነበዋለሁ፤ አልዋሽም።)

እኔ ራሴ ዊዳል ለዓመታት ሳዝ ኖሬያለሁ። ሁሉም ያዛል፣ ሕመምተኛውም ይጠብቃል። ደግሞ በሽተኞቼ ይድኑ ነበር፤ ያታለለኝም እሱ ነው።

ያቺን እናት ልጅቷ ደግማ ጠየቀቻት። ለካ ጎኗንም ይወጋታል፣ ሽንት ሲመጣም ያቃጥላታል። ሽንቷ ተመረመረ፤ ኢንፌክሽኑ እዚያ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሲፕሮው ተጽፎላት ቢሆንም ሊሻላት ይችል ነበር። «ታይፎይዱ ለቀቀኝ» ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ያ ጎበዝ ተማሪም ዊዳል እንደሠራለት አምኖ ይመረቅ ነበር።